መነጽር የሌለውም ተመልካች ነው

«አቫታር 2ን በስሪዲ ካላየኸው አላየኸውም» የሚሉ አሉ። እንግዲያው ንፋስ መውጫ ላይ በፍላሽ አስገልብጦ በቤቱ ቴሌቪዥን የተመለከተው ወጣት ምን አየ?

የጄምስ ካሜሮን የመጀመሪያው አቫታር የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ተከታዩ ለ2014 ተቀጥሮ፣ ደጋግሞ ተራዝሞ በ2022 መጣ። 13 ዓመት! ውሃ ውስጥ ለመቅረጽ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲሠራ ነበር ተባለ። እሺ፣ ውሃው ያምራል። ታሪኩስ? በመጀመሪያው ፊልም የሞተው ኮሎኔል ተመልሶ ያንኑ ሰው ያሳድዳል።

«ከ2.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል» መልስ አይሆንም። ትኬት የሚቆረጠው ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ነው።

ተርሚኔተር 2ም የካሜሮን ነው፤ እሱም ከመጀመሪያው 7 ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው። ግን በአሮጌ ካሴት፣ በትንሽ ቴሌቪዥንም ልብ ያንጠለጥላል። 13 ዓመት የጠበቀ ሰው የሚጠይቀው መነጽር ሳይሆን ታሪክ ነው።