ከድሬዳዋ ባቡር የወረደው ትኩሳት

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዕለት ተዕለቱ የፓርቲዎች ክርክር የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ ግን ከፖለቲካም ዋነኛው ፖለቲካ ሆኖ ታገኙታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ ለቡ ጣቢያ ወረደ። ሲሳፈር ደኅና ነበር። በማግሥቱ ግን ትኩሳቱ እንደ እሳት ነደደ፤ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱና የእጁ አንጓዎች ተቆላልፈው ከአልጋው የሚነሣው ሰው ደግፎት ሆነ። እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድሁ። የወባ ምርመራ ተደረገለትና «ነጻ ነው» ተባለ። ደሙ እንደገና ተወሰደና ከግማሽ ሰዓት በኋላ አገር ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ብያኔ ተነበበልን፤ «ታይፎይድና ታይፈስ»። የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወጋ፣ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፣ ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን። ከየት እንደመጣ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

በዚያው ወቅት ድሬዳዋ በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተመትታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝቧ ታሞባት ነበር። የአክስቴ ልጅ ሕመም ቺኩንጉንያ ነው ብዬ አልምልም፤ ማንም አልመረመረውምና። ሙግቴም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

የዚያን ክሊኒክ ባለሙያ ለመውቀስ ብዕሬን አላነሣሁም። እርሱ ያደረገው የተማረውን ነው። ጥያቄዬ የሚያርፈው ምን እንደሚማር በሚወስኑት ላይ ነው። በትንኝ የሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎች ለኢትዮጵያ እንግዳ ናቸውን? ታሪክ ይመስክር፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ቢጫ ወባ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ነው። በ2013 ደቡብ ኦሞ ላይ ተመልሶ መጣ። በ2018 ወላይታ ውስጥ ኦፋ ወረዳ ላይ፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን ላይ ታየ። ደንጊ በ2013 በድሬዳዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ፤ ከዚያ በሶማሌ ክልል ጎዴ፣ በ2023 ደግሞ በአፋር ታየ። ቺኩንጉንያ በ2016 ዶሎ አዶ ላይ፣ በ2019 ድሬዳዋ ላይ ተነሣ። ይህን ሁሉ ቆጥሮ «ድንገተኛ» የሚል ባለሥልጣን ቢኖር፣ ድንገተኛ የሆነበት በሽታው ሳይሆን የራሱ ወንበር መሆን አለበት።

ስያሜያችን ራሱ ያሳስተናል። «ቢጫ ወባ» እንላለን፤ ወባ ግን አይደለም። ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ የወባ መድኃኒት ያሽረዋል። ቢጫ ወባን፣ ደንጊንና ቺኩንጉንያን የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው፤ የወባ መድኃኒትም ሆነ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። አስተላላፊዋም ሌላ ናት። የወባዋ ትንኝ ሌሊት ትነድፋለች፤ ኤዲስ የምትባለው ግን በቀን፣ በተለይም ማለዳና አመሻሽ ላይ ትነድፋለች፤ የምትራባውም በየቤታችን ባጠራቀምነው ንጹሕ ውኃ፣ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ ውስጥ ነው። እንግዲህ ለሕዝቡ አጎበር አድለን «ተከላክለናል» ብንል፣ ሌባው በቀን ሲገባ የሌሊት ዘበኛ እንደቀጠርን ይቆጠራል።

ሁለት መልሶች እንደሚሰጡኝ አውቃለሁ። አንደኛው «አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ይህ የቆላ ጉዳይ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ትንኟ እዚህ ጀሞ ወይም ሳሪስ ውስጥ በሽታውን ታዛምታለች አላልሁም። ነገር ግን ሕመምተኛው ባቡር ይሳፈራል። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ትኩሳቱ እስኪነሣ ቀናት ይፈጃል፤ ከድሬዳዋ ለቡ ለመድረስ ግን አንድ ቀን ይበቃል። ደኅና ሆኖ የተሳፈረ ሰው እዚህ ደርሶ ቢታመም የሚሄደው ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። ደግሞስ አዲስ አበባ ተምሮ ወደ ቆላ የሚመደበው ሐኪምና ነርስ ስንት ነው? ዋና ከተማዋ ያላስተማረችውን ጎዴ ላይ ከማን ይማረው?

ሁለተኛው መልስ «ወባ እያለ ስለ ሌላው ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ይህ የሚናቅ መልስ አይደለም። በ2024 እስከ ጥቅምት ወር አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በአገራችን ተመዝግበዋል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ወባ ቀዳሚ ጠላታችን ነው። ነገር ግን የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው የወባው ምርመራ «ነጻ» ብሎ ካበቃበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ? የዛሬው መልስ ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ የተባሉት ምርመራዎች ናቸው። እነዚህ ከመቶ ዓመት በላይ ያረጁ፣ ጤነኛውንም ሰው «ታመሃል» በማለት የታወቁ ናቸው። ታይፎይድና ታይፈስ የሉም ማለቴ አይደለም፤ ስሙን ያጣንለት ትኩሳት ሁሉ የሚጣልባቸው ማጠራቀሚያ ሆነዋል ማለቴ ነው።

ስሕተቱ ገንዘብ ብቻ የሚያስወጣ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። ነገር ግን ነፍስ ያስከፍላል። ደንጊ በተጠረጠረበት ሕመምተኛ ላይ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መስጠት የደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል፤ ለትኩሳቱ የሚመከረው ፓራሲታሞልና በቂ ፈሳሽ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የደንጊ አደገኛ ጊዜ የሚመጣው ትኩሳቱ በረድ ሲል መሆኑ ነው። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» ሲል ሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ መድማት ከጀመረ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ይገባዋል። ይህን ለአንዲት ነርስ ለማስተማር ስንት ሰዓት ይፈጃል? የዓለም ጤና ድርጅት ደንጊን፣ ቺኩንጉንያን፣ ዚካንና ቢጫ ወባን አንድ ላይ የያዘ የሕክምና መመሪያ በሐምሌ 2025 አውጥቷል። መመሪያው አለ። የጎደለው ከመመሪያው እስከ ጀሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

መንገዱን የዘጋው ደግሞ «ሥልጠና» የምንለው ልማዳችን ነው። ሥልጠና ሲባል አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ላይ የሆቴል አዳራሽ፣ የሻይ ዕረፍት፣ አበል፣ የቡድን ፎቶግራፍ፣ የምስክር ወረቀት ይታየናል። የሚጠራውም ብዙ ጊዜ ሕመምተኛ የማያየው ኃላፊ ነው፤ ሌሊቱን ተረኛ ሆና የምታድረው ነርስ ፎቶግራፉን በስልኳ ታያለች። እርሷ ደመወዟ ከወር ወር አላደርስ ብሏት፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የክፍያ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ የእስር ወሬ የሰማች ናት። ለጥያቄዋ ማስፈራሪያ የተመለሰላት ባለሙያ፣ ወረርሽኝ ሲመጣ ግን «ጀግናችን» ትባላለች። ማዘጋጀት ማለት ማስተማር ብቻ አይደለም፤ አክብሮ ማኖርም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። የጤና ሚኒስቴርና የከተማው ጤና ቢሮ በየካርድ ክፍሉና በየምርመራ ክፍሉ አንዲት ጥያቄ ግዴታ ያድርጉ፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት ነበሩ?» የምትል። ደንጊ ሊሆን የሚችል ትኩሳት የማይወጋው መርፌ የትኛው እንደሆነ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ጥርጣሬ ሲኖር የደም ናሙና ወደ ኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚሄድበት የታወቀ አሠራር ይዘርጋ፤ የግል ክሊኒኮችም ከዚህ አይቅሩ፤ ብዙ ትኩሳት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነርሱን በር ነውና። ሥልጠናውም ከሆቴል ወጥቶ ጤና ጣቢያ ይግባ፣ ከትምህርት ቤት ይጀምር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ይጨምር፤ በርሜሉን ከድኑ ብላ በየቤቱ የምትናገር እርሷ ናትና።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። በየወረርሽኙ ስንጮኽ የኖርነው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው። ዛሬም ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ለቡ ይደርሳል፤ ከሚወርዱት መካከል ነገ ትኩሳት የሚነሣበት ይኖር ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ድኗል፤ መገጣጠሚያዎቹ ግን ለወራት ሲያሠቃዩት ከረሙ። ሕመሙ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አያውቅም። አገሩም አታውቅም፤ አልጠየቀችውምና።