ዘፈኑ የእኛ፣ ሰዓቱ የልጆች

ናይሮቢ ውስጥ የሐበሻ ኮንሰርት ማስታወቂያ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ካለ፣ ነገሩን የለመደ ሰው 3 ሰዓት ላይ ገና እራቱን እየበላ ነው። በሩ 4 ሰዓት ይከፈታል፤ ዲጄው እስከ 6 ሰዓት ቤቱን ያሞቃል። ዘፋኙ መድረክ የሚወጣው እንደ እኔ ያለው ጡረተኛ አንድ እንቅልፍ ተኝቶ ሲነቃ ነው። ወጥቶስ ምን ይጫወታል? የጥላሁን ገሠሠን፣ የብዙነሽ በቀለን፣ የማሕሙድ አሕመድን። በእኛ ጉርምስና የወጣ ዘፈን እኛ በሌለንበት ይዘፈናል።

የምንኖርባት ከተማ ግን ሌላ ልማድ አላት። በቅርቡ አንድ እሑድ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬስ ቤት አትውልም» ብላ ወደ አንድ የአትክልት ስፍራ ሬስቶራንት ወሰደችኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። የጥብስ ሥጋው፣ የ«ኛማ ቾማ»ው ጭስ ይሸታል፤ ባንዱ ጊታሩን እየቃኘ ነው። አስተናጋጁ «ካሪቡ ሙዜ»፣ እንኳን ደህና መጡ አባት ብሎ መደገፊያ ያለው ወንበር አመጣልኝ። መቼ ያበቃል ብዬ ስጠይቀው «ሳአ ምቢሊ» አለኝ። ለማስላት አልተቸገርኩም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪም ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው።

ዙሪያዬን ሳይ እኩዮቼ ሞልተዋል። ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌዎች፣ ኪቴንጌ የሚባለውን ባለ ኅብር ጨርቅ የለበሱ እናቶች፣ አጠገባቸው ልጅና የልጅ ልጅ። ባንዱ የሚጫወተው ኬንያውያን ዚሊዞፔንድዋ የሚሉትን የድሮ ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሲምባ ዋንዪካ ባንድ ተገንጥሎ የወጣው የሌ ዋንዪካ «ሲና ማኮሳ» ሲጀመር ቤቱ በአንድ ድምፅ ተቀበለው። እነዚህ ዘፈኖች ሁለት ክፍል አላቸው። መጀመሪያ ዘፋኙ ታሪኩን ረጋ ብሎ ይነግራል፤ ከዚያ ድምፁን ይቀንስና ጊታሮቹ ሜዳውን ይይዛሉ፣ ምቱም ይፈጥናል። በባለ 45 ዙር ሸክላ ዘመን ዝግተኛው በአንዱ ፊት፣ ፈጣኑ በግልባጩ ይታተም ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የመጀመሪያውን ክፍል ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ፤ ጊታሩ ሲፈጥን ከዘራቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ይነሣሉ።

እኔም ተነሣሁ። በአገሬ ደንብ ዘፋኙ ግንባር ላይ ብር ልለጥፍ እጄን ኪሴ ስከት ልጄ የኤም-ፔሳውን ቁጥር አሳየችኝ። በስልክ ላክሁ። ገንዘቡ መድረሱ ደረሰ፤ ሽልማት ግን ግንባር ላይ ካልተለጠፈ ሸለምኩ ለማለት ይከብዳል።

ይህ የእሑድ ከሰዓት ጭፈራ ናይሮቢ ለአዛውንቶቿ አዝና ያመጣችው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የከተማዋ ወጣት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡጊ ወደሚባለው ጭፈራ ይጎርፍ ነበር። የያኔው ጎረምሳ ዛሬ ጡረተኛ ሆኗል፤ እሑዱን ግን አልተወም።

የእኛ ትውልድ ዕጣ ሌላ ነበር። ጎልማሳነታችን በደርግ ሰዓት እላፊ ውስጥ አለፈ። አዲስ አበባ ሂልተን ዋሊያስ ባንድ ሲጫወት ለማየት የገባ ሰው፣ ሰዓት እላፊው ከደረሰበት በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍር ነበር። ማደራችን ፈልገን ሳይሆን መውጫ ስላጣን ነው። ዛሬ ግን በሩን ማን ቆለፈብን? ሰዓት እላፊው ከተነሣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የኮንሰርት ሰዓታችን ግን እንደተቆለፈበት ቀርቷል።

አዘጋጆቹ መልስ አላቸው፤ ትርፉ ከመጠጡ ነው፣ መጠጥ የሚሸጠውም ሌሊት ነው ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንድ አያት ብቻውን አይመጣም። የሚያመጣው ልጅ አለ፣ ምራት አለች፣ ክትፎና ጥብስ የሚያዝዝ ሙሉ ጠረጴዛ አለ። አዳራሹ ደግሞ እሑድ ከሰዓት ባዶውን ነው የሚውለው። ጎረቤትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የናይሮቢ ካውንቲ በመኖሪያ ሰፈር ያሉ የምሽት ክበቦችን ፈቃድ የሰረዘው ነዋሪው በጩኸቱ ስለተማረረ ነው። በ2 ሰዓት ያበቃ ዘፈን የማንንም እንቅልፍ አይነካም።

ለልጆቻችንም አንድ ነገር ልበል። የልጅ ልጅ ለማሳደግ እዚህ የመጣን ወላጆች የምናውቃት ናይሮቢ ሁለት ቦታ ናት፤ ቤተ ክርስቲያንና ክሊኒክ። ሁለቱም ያስፈልጉናል፣ ተመስገን። ግን ሰው በ60 ዓመቱ ከሥራ ይሰናበታል እንጂ ከደስታ አይሰናበትም። መድኃኒታችንን በሰዓቱ የምታስታውሱን ልጆች፣ በወር አንድ ጊዜ «ልበስና እንውጣ» ብትሉን ምን ይጎድልባችኋል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሌሊቱ ለወጣቱ ይሁን፤ በወር አንድ እሑድ ብቻ ለእኛ ይመደብ። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው፤ የድምፅ ማጉያው ደረት ባይደበድብ መልካም ነው፤ መጸዳጃ ቤቱም ደረጃ የሚያስወጣ አይሁን። ከሁሉ በላይ ማስታወቂያው 10 ሰዓት ካለ 10 ሰዓት ይጀመር፤ እኛ 9 ተኩል ላይ ደርሰን እንጠብቃለን። ትኬቱንም በሙሉ ዋጋ እንገዛለን፤ የጡረተኛ ቅናሽ የጠየቀ የለም።