ትረካ አማና ነው



በዚህ ጽሑፍ ላወያያችሁ የፈለግሁት ጉዳይ በየቤታችሁ ያለ ነው፤ ሆኖም እንደ ቁም ነገር ቆጥረን ስንነጋገርበት አይታይም። ጉዳዩ በድምፅ የሚተረክ መጽሐፍ ነው። በምኖርበት በጉርድ ሾላ ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ ትረካ ያዳምጣል፤ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ተማሪው ኢርፎኑን ሰክቶ ልብ ወለድ ይሰማል፤ እናት ሽንኩርት እየከተፈች የስልኳን ድምፅ ከፍ አድርጋ ታሪክ ትከታተላለች። ሬዲዮው አለ፣ ዩቲዩቡ አለ፣ ቴሌግራሙ አለ፣ በየሞባይል ሱቁ በሚሞሪ ተሞልቶ የሚሸጠውም አለ። ባጭሩ፣ መጽሐፍ ተገዝቶበት በማያውቅ ቤት ሁሉ ዛሬ መጽሐፍ ይሰማል።

ታዲያ ቤታችን የገባውን እንግዳ ማንነት መጠየቅ አይገባንምን? ይህ ድምፅ የማን ነው? የሚያነብልን መጽሐፍ የማን ነው? ያነበበልንስ ደራሲው የጻፈውን ነው ወይስ የራሱን? ልጆቻችን ከእርሱ ምን ዓይነት አማርኛ ይወርሳሉ? ስለ ራሳቸውስ ምን ይሰማሉ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትረካን ማውገዝ አይደለም። ዓላማው ትረካ አማና መሆኑን፣ አማና ደግሞ ተረካቢ ብቻ ሳይሆን ጠያቂም እንዳለው ማስታወስ ነው።

በመጀመሪያ አንዳንድ ወገኖች የሚሰነዝሩትን አስተያየት እንመልከት። «ማዳመጥ የሰነፍ ንባብ ነው፤ መጽሐፍ በዐይን ካልተነበበ አልተነበበም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አባባሉ ከእኛ የዒልም ታሪክ ጋር አይገጥምም። ደረሳ ከሸይኹ ፊት ተቀምጦ ኪታቡ ሲነበብ በጆሮው ይቀበላል፤ ከዚያም እርሱ ያነባል፣ ሸይኹ ያርሙታል። በ643 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የሐዲስ ሊቅ ኢብኑ ሶላሕ ሐዲስ የሚወሰድባቸውን 8 መንገዶች ሲዘረዝሩ በመጀመሪያ ያስቀመጡት ሰማዕን፣ ማለትም ከመምህሩ አንደበት መስማትን ነው። በ8ኛ ደረጃ፣ ከሁሉም መጨረሻ ያስቀመጡት ደግሞ ዊጃዳን ነው፤ ይኸውም ሰው የተጻፈ ነገር አግኝቶ፣ ከማንም ሳይሰማ ከጽሑፉ ብቻ ሲወስድ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! ዛሬ «የሰነፍ ንባብ» የተባለው ነገር በሊቃውንቱ ዘንድ የመጀመሪያውን ወንበር የያዘ ነበር።

የራሳችን አገር ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሐቦች ከነጃሺ ፊት በቆሙ ጊዜ፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ያቀረበው የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረም። ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ በድምፁ አሰማ፤ ነጃሺም ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ። ይህን ለእኛ ያቆየችልን ደግሞ በስደቱ የነበረችው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናት። አንዱ አነበበ፣ ሌላው ሰማ፣ ሦስተኛዋ የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተላለፈች። ሓሻ! የአላህን ቃል ከሰው ድርሰት ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ለማለት የፈለግሁት ጆሮ ትልቅ የዕውቀት በር መሆኑን፣ በዚህ በር የሚገባውንም ማጣራት የቆየ ወጋችን መሆኑን ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ዐይናቸው የደከመ አባቶቻችንን፣ ፊደል ለመቁጠር ዕድል ያላገኙ እናቶቻችንን፣ ዐይነ ስውራን ወገኖቻችንን እናስብ። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ድምፅ መቅረጫውን ከሠራ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ጥቅሙን ሲዘረዝር፣ ለዐይነ ስውራን የሚናገር መጽሐፍ ማዘጋጀት አንዱ ነበር። ስለዚህ ትረካን የሚንቅ ሰው የሚንቀው ሰነፍን አይደለም፤ የራሱን አያት ነው።

ይህ ሲባል ግን የተተረከ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። እስቲ መልካሙን ከመልካሙ ቦታ እንጀምር። በአማርኛ ትረካ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ስም የወጋየሁ ንጋቱ ነው። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው) በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው እርሱ ነው። ወጋየሁ ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈው፤ ቅጂው ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ለምን ይመስላችኋል? መጽሐፉ የጎጃም ክርስቲያን ባላባት ቤት ታሪክ ነው፤ ይሁን እንጂ ያንን ሕይወት የማያውቀው የሙስሊም ልጅ እንኳ ሲያዳምጠው ከታሪኩ ውጭ ሆኖ አይቀርም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ኩራታቸው፣ ጉዱ ካሣ ሲናገር ብስጭቱና ብልህነቱ ይሰማል። ተራኪው ግን በማንም ላይ አይሳለቅም። ለመኳንንቱም ለአሽከሩም አንደበታቸውን በክብር ይሰጣቸዋል። ድምፁ ከታሪኩ ፊት ቀድሞ አይሮጥም፤ ከኋላው ሆኖ ይገፋዋል እንጂ። ትረካ ማለት ይህ ነው።

ከእርሱም በኋላ መንገዱ አልተቋረጠም። በ2010 ዓ.ም. ያረፈው ፈቃዱ ተክለማርያም የመድረክን ግርማ ወደ ሬዲዮ ይዞ ገባ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ደግሞ አንዱዓለም ተስፋዬ በረጋ ድምፅ ሲያነብ ብዙ ቤተሰብ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። የእርሱ ንባብ ጥቅሙ እርጋታው ነው፤ አድማጩ እንዲያስብ ጊዜ ይሰጠዋል። ልጆቻችሁ መልካም አማርኛ እንዲይዙ ከፈለጋችሁ ከእንደነዚህ ያሉ ሰዎች አንደበት ይስሙ።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። በቅርብ ጊዜ ከሰማኋቸው ትረካዎች መካከል ጆሮዬን ያሳመሙኝ ጥቂት አይደሉም። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ ሥራቸው ራሱ ይናገራልና። ጥፋታቸው ግን በአራት ይጠቃለላል።

አንደኛው ሙዚቃው ነው። ተራኪው ገና አፉን ሲከፍት ከበሮውና ክራሩ ይቀድመዋል፤ ሰው ሲሞት ዋሽንት፣ ሰው ሲጣላ ነጎድጓድ ይለቀቃል። ስለ ሙዚቃ በሸሪዓ ያለውን ውይይት ለጊዜው ወደ ጎን እንተወውና፣ ቃሉ ሳይሰማ ጩኸቱ ብቻ ከተሰማ የተተረከው ምንድን ነው? ግብፃዊው ቃሪእ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሶሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ሙሉውን ቁርአን በሙረተል አቀራር ያስቀረጹ የመጀመሪያው ሰው ሲሆኑ፣ እስከ ዛሬ ልጆች ከቅጂያቸው የሚማሩት እያንዳንዱ ሐርፍ ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ነው። ከዚህ አደብ ለሌላው ንባብም የሚተርፍ ትምህርት አለ፦ አንባቢ ድምፁን ለቃሉ ያስገዛል።

ሁለተኛው አለማወቅ ነው፤ ይህ በተለይ እኛን ይነካል። አንድ ተራኪ ገጸ ባሕርዩ «ዐስር ሰግዶ ወጣ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ፣ የሶላቱን ስም እንደ ቁጥሩ «አሥር» አጥብቆ አነበበው። አድማጩ ሰውየው አሥር ጊዜ ሰገደ ይበል ወይስ አሥር ሰዓት ላይ ወጣ ይበል? በፊደላችን መጥበቅና መላላት አይለይምና ስሕተቱ ሊገጥም ይችላል፤ ግን አጠገቡ ያለ ማንኛውንም ሙስሊም ቢጠይቅ በአንድ ቃል ይነግረው ነበር። አልጠየቀም። የማያውቁትን ቃል ሳይጠይቁ ለሺህ ሰው ማንበብ ድፍረት ነው።

ሦስተኛው ከአለማወቅ የከፋው ነው። በታሪኩ ውስጥ ሙስሊም ነጋዴ ብቅ ባለ ቁጥር ድምፁን ሰብሮ፣ አንደበቱን አኮላትፎ፣ ለሣቅ የሚያቀርበው ተራኪ አለ። ደራሲው በመጽሐፉ ላይ ሰውየውን በጥሩ አማርኛ ነው ያናገረው፤ ኮልታፋ ያደረገው ተራኪው ነው! ለመሆኑ አማርኛ ለወሎ ሙስሊም ከየት የመጣ እንግዳ ቋንቋ ነው? ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ የአማርኛ ግጥም ሲጽፉ የማንን ቋንቋ ተበደሩ? በ1961 ዓ.ም. ታትሞ የወጣውን የቁርአን አማርኛ ትርጉም ያዘጋጁት ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ምን ዓይነት አማርኛ ነበር የሚያውቁት? በሸይኽ ሙሐመድ አወል መንዙማ ያደገ ልጅስ አማርኛውን ከማን ተማረ? እርግጥ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሙስሊምም፣ ክርስቲያንም አለ፤ ያም ቢሆን መሳለቂያ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ይህን ሁሉ ታሪክ አያውቅም። የሚሰማው የአባቱን ስም የያዘ ሰው ሁልጊዜ የሚሣቅበት መሆኑን ብቻ ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስሙን ዝቅ አድርጎ መናገር ቢጀምር ማን ይጠየቃል?

አራተኛው ስርቆት ነው። መጽሐፉን ያለ ደራሲው ፈቃድ ያነቡታል፤ ሲመቻቸው ገጽ ይዘላሉ፣ ሲያሻቸው ከራሳቸው ይጨምራሉ፤ ይህንንም ለአድማጩ አይናገሩም። አንዳንዴ የደራሲው ስም እንኳ አይጠራም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ መብቱን በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነውና የእርሳቸው ሥራ እንኳ ገና ባለቤት አለው ማለት ነው። አዋጁ ባይኖርስ? የሰው ላብ ያለ ፈቃድ መውሰድ በእኛ ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ሐላል ሥጋ ፍለጋ ሦስት ሰፈር የሚያቋርጥ አባወራ፣ የተሰረቀ መጽሐፍ በሚሞሪ አስሞልቶ ለልጆቹ ሲያመጣ አንድም ጥያቄ አለመጠየቁ ይገርማል።

«በነጻ ነው የሚያቀርቡልን፤ በነጻ ለመጣ ነገር ምን ይህን ያህል ያስመርራል?» የሚል ይኖራል። ወንድሜ፣ በነጻ አይደለም። ተራኪው የአንተን ሰዓትና የልጅህን ጆሮ ይወስዳል፤ በማስታወቂያውም ገንዘብ ያገኝበታል። ደግሞስ ውኃ በነጻ ቢሰጡህ የተበከለውን ትጠጣለህን? «ልብ ወለድ ከነጭራሹ ጊዜ ማባከን ነውና ተዉት» የሚሉም አሉ። ፈርድን የሚያዘናጋ፣ ብልግናን የሚያለማምድ ከሆነ በርግጥ ይተው። ነገር ግን ልጆቻችን ተዉ ስላልናቸው ብቻ አይተዉም፤ ኢርፎናቸውን ሰክተው ብቻቸውን ይሰማሉ። ብቻቸውን ከሚሰሙ ከእኛ ጋር ቢሰሙ አይሻልምን?

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ አብረን እንስማ። በሳምንት አንድ ምሽት ከኢሻ በኋላ ቴሌቪዥኑ ይዘጋና አንድ መልካም ትረካ በቤተሰብ ይደመጥ፤ ሲያበቃም ልጆቹ ይጠየቁ፤ ማን ልክ ነበር? ማን ተበደለ? ይህ ቃል ምን ማለት ነው? በሁለተኛ ደረጃ፣ እንናገር። ተራኪ ስማችንን ሲያበላሽ፣ ሶላታችንን ከሰዓት ጋር ሲያምታታ፣ በትሕትና ጽፈን እናርመው። ብዙዎቹ ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን የነገራቸው ሰው ጠፍቶ ነውና ይሰማሉ። በአንጻሩ መልካም የሠራውን እናመስግን፣ መጽሐፉንም እንግዛ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ እኛው እናንብብ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ፣ የነጃሺ ታሪክ፣ የአገራችን ዑለሞች ገድል በአማርኛ ተጽፎ በየመደርደሪያው አቧራ ለብሷል። ከየመድረሳው የወጡ፣ መኽረጃቸው የጠራ፣ አማርኛቸው ያማረ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ሞልተውናል። ከደራሲው ወይም ከወራሾቹ ፈቃድ ጠይቀው፣ ቃሉን ሳይዘሉ፣ ያለ ከበሮ ቢያነቡልን ማን ይከለክላቸዋል? አንድ ስልክና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል። ሌላው ቢቀር በየቤታችን ያሉ አዛውንት የሚያውቁትን ታሪክ በገዛ ድምፃቸው እንቅረጽ። መጽሐፍ ቢቀደድ ሌላ ቅጂ ይፈለግለታል፤ የአዛውንት አንደበት አንዴ ከተዘጋ ግን ቅጂ የለውም።

በሌሎች አንደበት እየተሳልን «ለምን እንዲህ አነበባችሁን?» ብሎ ማማረር ግማሽ መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ የራስን መጽሐፍ ከፍቶ፣ ጉሮሮን ጠርጎ፣ ማንበብ መጀመር ነው። አማናውን በአግባቡ ለሚሸከሙ ተራኪዎች አላህ ብርታቱን ይስጣቸው፤ እኛንም ከሚሰሙትና ከሰሙትም መልካሙን ከሚከተሉት ያድርገን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።