ዜማው ከትርጓሜው ይቀድማል

የእስያ ሕዝቦች ያፈለቁት ታላቅ ሐሳብ በታየ ቁጥር ምንጩን ከውጭ የሚያስሱ ሊቃውንት ጠፍተው አያውቁም። በሕንድ አገር ባክቲ የሚባለው፣ አምላክን መውደድን የመዳን ጎዳና የሚያደርገው ትምህርት ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሹም የነበረው ጆርጅ ግሪርሰን (የቋንቋ ሊቅነቱን አንክድም) እ.ኤ.አ. በ1907 ባክቲን ለንስጥሮሳውያን ክርስቲያኖች ባለዕዳ አድርጎ ጻፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1909፣ በቤስናጋር የቆመው ዐምድ ጽሕፈት ለንባብ በቃ። ዐምዱን ከክርስቶስ ልደት 100 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ለቫሱዴቫ ያቆመው ሄልዮዶሮስ የተባለ የግሪክ መልእክተኛ ሲሆን፣ ራሱን የዚያ አምላክ ተከታይ ብሎ አስቀርጾበታል። ማን ከማን እንደተማረ አንባቢ ይፍረድ!

ይህን ተረት የሚያወግዙ ብዙዎች ግን ባክቲን መልሰው የሳንስክሪት ሊቃውንት ብቸኛ ልጅ ያደርጉታል። የባጋቫድ ጊታ ድርሻ አይካድም። ሆኖም ትምህርቱ በሰፊው ሕዝብ ልብ የነደደው ከ6ኛው እስከ 9ኛው መቶ ዓመት ድረስ በታሚል ቋንቋ ለቪሽኑ በዘመሩት 12 አልዋሮች አንደበት ነው። በትውፊቱ መሠረት ናማልዋር ከገበሬ ወገን፣ ቲሩፓን ከተናቁ ዘማሪዎች ወገን ነበሩ፤ አንዳል ደግሞ ሴት ናት። ናታሙኒ 4000 የሚሆነውን ግጥማቸውን የሰበሰበው፣ ራማኑጃም ፍልስፍናውን የገነባው ከዚያ በኋላ ነው። ሻንካራ ነፍስና ፍጹሙ ፈጽሞ አንድ ናቸው፣ ልዩነት ሁሉ ምትሐት ነው ብሎ ነበር። ታዲያ ማን ማንን ይወድዳል? ራማኑጃ ነፍሳትና ዓለም እውነተኞች ናቸው፣ የአምላክም አካል ናቸው ሲል የመለሰው ዘማሪዎቹ አስቀድመው ላነሡት ለዚህ ጥያቄ ነው። ሊቁን ያስተማረው ዘፋኙ ነው እንላለን።

ክርክሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጨዋታ አይደለም። በምዕራብ ሕንድ በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው ባለቅኔ ቾካሜላ፣ አይነኬ ከሚባሉት ከማሃር ወገን በመወለዱ፣ የዘመረለት የፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ አላስገባውም። መታሰቢያው የቆመው ከደረጃው ግርጌ ነው። መዝሙሩ ለዘመናት በምእመናን አፍ ሲኖር፣ ለወገኖቹ በሩ የተከፈተው ሳኔ ጉሩጂ ከጾመ በኋላ በ1947 ነው። የባክቲን ልደት ለሊቃውንት ብቻ የሚሰጥ ጸሐፊ ያንኑ በር ዳግመኛ ይዘጋል። ከማሃር ወገን የተወለደው አምቤድካር ስለ አይነኬዎች የጻፈውን መጽሐፍ በ1948 ሲያሳትም፣ መታሰቢያነቱን የሰጠው ለናንዳናር፣ ለራቪዳስና ለቾካሜላ ነበር።