የጁፒተርን ማዕበል ከጎረቤላ ለምን አንመዘግብም?

በአገራችን ስለ ሥነ ፈለክ ጥናት ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሱን በእንጦጦ ኮረብታ ላይ የተተከሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ናቸው። በእነዚህ ልንኮራ ይገባል። ይሁን እንጂ ለሳይንስ የሚጠቅም ምልከታ የግድ ትልቅ መሣሪያ ይጠይቃል የሚለውን አስተሳሰብ አንቀበለውም። ግዙፏ ፕላኔት ጁፒተር ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት።

በፊሊፒንስ ሴቡ ከተማ የሚኖረው ክሪስቶፈር ጎ አማተር የሰማይ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በ28 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ባነሳው ምስል፣ ቀድሞ ነጭ የነበረ አንድ የጁፒተር ማዕበል መቅላቱን ለዓለም አሳወቀ። ሃብል የሕዋ ቴሌስኮፕ ማዕበሉን ቀልቶ ያነሳው ከዚያ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ አውስትራሊያዊው አማተር አንቶኒ ዌስሊ በፕላኔቷ ደቡባዊ ዋልታ አካባቢ ከግጭት የተረፈ ጥቁር ጠባሳ አገኘ።

ዘዴው ውስብስብ አይደለም። በቴሌስኮፑ ላይ የተገጠመ አነስተኛ የቪዲዮ ካሜራ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎችን ይወስዳል። የአየሩ መናወጥ አብዛኞቹን ያደበዝዛቸዋል፤ አየሩ ለቅጽበት ረጋ ሲል የተገኙትን ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መርጦ ይደራርባቸዋል። የማዕበሉ ዝርዝር ገጽታ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

የአንኮበሯ ጎረቤላም እንደ ሴቡ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ጁፒተር ከፍተኛ ቦታዋ ላይ ስትደርስ በየትኛውም ዓመት ቢሆን ከአድማስ ከ55 ዲግሪ በላይ ትታያለች። ከዚህ የሚልቅ ምክንያትም አለ። ጁፒተር በዛቢያዋ ላይ አንድ ጊዜ ለመዞር 10 ሰዓት አይሞላባትም፤ በእኛና በፊሊፒንስ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ደግሞ 5 ነው። ስለዚህ በሴቡ እኩለ ሌሊት የታየው የፕላኔቷ ገጽ፣ በጎረቤላ እኩለ ሌሊት ሲሆን ጀርባውን ሰጥቶ ተቃራኒው ገጽ ይታያል። የእኛ ተማሪ የሚያነሳው ፎቶግራፍ የእነርሱን ጎዶሎ ይሞላል ማለት ነው።

ከገደሉ ሥር የሚነሳው ጉምና የደጋው ነፋስ እንቅፋት መሆናቸው አይካድም። ክረምቱም አይመችም። ነገር ግን ጁፒተር ሌሊቱን ሙሉ የምትታይበት ወቅት በ2018 ዓ.ም. ጥር፣ በ2019 ዓ.ም. የካቲት ላይ የሚውል በመሆኑ ከበጋችን ጋር ይገጥማል።

እንደ እኛ አስተያየት፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደ ጎረቤላ ባሉ ከተሞች ለሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዳንድ አነስተኛ ቴሌስኮፕና ካሜራ ሊያቀርቡ፣ መምህራንንም ሊያሠለጥኑ ይገባል። ተማሪዎችም ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ቀኑንና ሰዓቱን በትክክል መመዝገብ ይልመዱ። ቀንና ሰዓት ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ለግድግዳ ጌጥ ይሆን ይሆናል እንጂ የማዕበሉን ጉዞ ለመለካት አይረዳም።