ቱቦው የገባበት ቀን በሕመምተኛው እጅ ይኑር

በአፍ መመገብ ላልቻለ ሕመምተኛ በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ጨጓራ የምግብ ቱቦ ማስገባት፣ ማለትም ጋስትሮስቶሚ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሕክምና ነው። ሆድን ሳይከፍቱ በኢንዶስኮፒ እየታገዙ ቱቦውን የማስገባት ዘዴም ጋውደረርና ፖንስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ካሳተሙት ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። በአገራችን የምግብ ቧንቧቸው በካንሰር ለተዘጋ አዋቂዎችና የሚያቃጥል ኬሚካል ጠጥተው ቧንቧቸው ለጠበበ ሕፃናት ይህ ቱቦ የዕለት ጉርስ መግቢያ በር ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው እንደ ቀላል ስለሚታይ፣ ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል በሰላም ከወጣ ጉዳዩ እንደተጠናቀቀ የመቁጠር ዝንባሌ አለ። መድማትና የአንጀት መበሳት በዕለቱ ሊያጋጥሙ ይችላሉ፤ የቁስል ማመርቀዝ፣ በቱቦው ዙሪያ የምግብ መፍሰስ፣ የቱቦ መደፈንና መውጣት ግን በአብዛኛው በኋላ የሚመጡ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የቱቦው መውጣት የተለየ ትኩረት ይሻል፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት የሚመስለው ክስተት ፍጹም ተቃራኒ የሆኑ ሁለት እርምጃዎችን ይጠይቃል።

ጨጓራው ከሆድ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቱቦው ያለፈበት መንገድ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈጃል። ቱቦው ከዚያ በፊት ከወጣ ጨጓራው ከግድግዳው ሊላቀቅ ይችላል፤ በስፌት ሲያያዝ አደጋው ቢቀንስም ፈጽሞ አይጠፋም። በዚህ ወቅት ሌላ ቱቦ በግምት ቢገፋ ቆዳውን አልፎ ጨጓራውን ሊስት፣ የሚሰጠው ምግብም በሆድ ዕቃ ውስጥ ፈስሶ ለሞት የሚያደርስ ብግነት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ቱቦው በኢንዶስኮፒ ወይም በንጥር መድኃኒት በታገዘ ራጅ ሳይረጋገጥ ምግብ መሰጠት የለበትም። መንገዱ ከጠነከረ በኋላ ግን ችግሩ መዘግየት ነው፤ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠብ ተስማሚ ቱቦ ወዲያው ገብቶ ቦታው መረጋገጥ አለበት።

እንግዲህ ተረኛው ባለሙያ በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ቱቦው የገባበትን ቀን ነው። መዝገቡ ግን ቱቦው በገባበት ሆስፒታል ይቀራል፤ ሕመምተኛው የሚሄደው በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። በመሆኑም ቀኑን፣ የተሠራበትን ዘዴ፣ የቱቦውን ዓይነትና መጠን፣ በቆዳው ላይ የሚታየውን የርዝመት ምልክት የያዘ አንድ ካርድ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሊሰጥ ይገባል።

እነዚህ ሕመምተኞች መሠረታዊ ሕመማቸው ከባድ ስለሆነ የቱቦው ጉዳይ ሁለተኛ ደረጃ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በምግብ እጥረት የተጎዳ አካል ቁስሉ ቀስ ብሎ ስለሚድን፣ ያልጠነከረው መንገድ ለረጅም ጊዜ ለአደጋ ተጋልጦ የሚቆየው በእነዚሁ ሰዎች ላይ ነው።

የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችንም ከሆስፒታል መውጫ ቀን አልፈው ቢያንስ 30 ቀናት ቢከታተሉ፣ ቱቦው በስንተኛው ቀን እንደወጣና ማን እንደመለሰው ቢመዘግቡ፣ የሕክምናው እውነተኛ ውጤት ይታወቃል።