የአይሮፕላን ጣቢያ የሚሰፋው ለማን ነው?

ስለ ልማት በተከራከርን ቁጥር ብዙዎቻችን የምንቆጥረው የሕንፃውን ፎቅ፥ የመንገዱን ርዝመትና የመንገደኛውን ብዛት ነው። ቁጥር ግን ብቻውን ሲቀር ያታልላል። ለዚህም በግብፅ፥ በሲና ደቡባዊ ጫፍ፥ በቀይ ባሕር ዳር ያለችውን የመዝናኛ ከተማ ሻርም ኤል ሼክን ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሻርም ኤል ሼክ አይሮፕላን ጣቢያ መጀመሪያ የተሠራው ለጎብኚ አልነበረም። እስራኤል በ1967ቱ ጦርነት ሲናን ከያዘች በኋላ በ1968 ለጦር አይሮፕላኖቿ ከፈተችው፤ ስሙንም ኦፊራ አለችው። በ1979 የሰላም ውል ተፈርሞ በ1982 አገሩ ለግብፅ ሲመለስ ጣቢያውም አብሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይና ንጹሕ ባሕር የሚሻው የአውሮፓ ጎብኚ እየበዛ ሄደ። በ2007 አዲስ የመንገደኞች አዳራሽ ተመረቀ፤ በ2010 በጣቢያው ያለፈው መንገደኛ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህም አልበቃ ብሎ በ2015 መጀመሪያ የአፍሪካ ልማት ባንክ ለማስፋፊያው 140 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ቀን ከዚሁ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ይበር የነበረ የሩሲያ አይሮፕላን በሲና ላይ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 224 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሩሲያም አደጋው በቦምብ መድረሱን አስታወቀች። እንግሊዝና ሩሲያ ወዲያው በረራ አቋረጡ። የእንግሊዝ እገዳ የተነሣው በ2019 ሲሆን የሩሲያ በረራ የተመለሰው በ2021 ነው።

በነዚህ ዓመቶች መንደርደሪያው አልጠበበም፤ አዳራሹም አልፈረሰም። የጠፋው እንግዳው ነው። እንግዳው ሲጠፋ ሆቴሎች ተዘጉ፤ ከዓባይ ሸለቆ እንጀራ ፍለጋ ከመጡት አስተናጋጆች፥ ወጥ ቤቶችና ሾፌሮች ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመለሱ። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የሲና በደዊኖችማ በደጉም ዘመን ከትልልቆቹ ሆቴሎች ሥራ የደረሳቸው ድርሻ ጥቂት ነበር።

«ጣቢያው ባይኖር ቦታው እስከ ዛሬ በረሓ ነበር» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኛም ጣቢያ አይሠራ፥ አይስፋ አላልንም። የምንለው፥ ብድር ሲፈረም የመንደርደሪያው ርዝመት እንደሚጠየቅ ሁሉ፥ በረራ በድንገት ቢቋረጥ ሠራተኛው በምን ይኖራል ተብሎ ይጠየቅ ነው። ከመንገደኛው ከሚሰበሰበው ቀረጥ ጥቂቱ ለሠራተኛው መጠባበቂያ ይቀመጥ፤ የአገሩ ልጅም ሙያ ይማርበት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ከተማዋን ያቆማት የነሱ ጉልበት ነውና።

ዛሬ ጎብኚው ተመልሷል፤ በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባዔ የተደረገውም በዚያችው ከተማ ነው። ደግ ቀን ሲመጣ ግን ክፉው ቶሎ ይረሳል። ከመካከላችን ነገ ፕላን የሚነድፍ መሐንዲስ፥ በጀት የሚያወጣ የኤኮኖሚ ባለሙያ ይኖራል። የጣቢያ ፕላን ፊቱ በተዘረጋ ጊዜ፥ ስንት አይሮፕላን ያርፍበታል ከሚለው ቀጥሎ፥ አንድም አይሮፕላን ያላረፈ ቀን ይህ ሕዝብ ምን ይበላል ብሎ ይጠይቅ።